ከአፕዴት በኋላ አልነሳ ያለ የዊንዶውስ ኮምፒውተር፦ ፎርማት ሳይደረግ የሚጠገንበት ቅደም ተከተል

አፕዴት አድርጎ ሪስታርት ሲል በዚያው የቀረ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው አልተበላሸም። ፋይሉም ያለበት ቦታ ነው ያለው። ሰው ፋይሉን የሚያጣው ተቸኩሎ «ፎርማት ይደረግልኝ» ሲል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለዊንዶውስ 10 እና 11 የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የተደረደሩት ምንም ከማይነካው ጀምሮ ብዙ ወደሚነካው ነው። አንዱን ሳይሞክሩ ወደ ቀጣዩ አይዝለሉ። ኮምፒውተሩ የተነሳበት ደረጃ ላይ ያቁሙና በቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ይሂዱ።

ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የሚያዩዋቸውን ስሞች እዚህ እንደሚነበቡት ጽፈናቸዋል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

1. ቻርጀር እና የማይቋረጥ ኃይል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ እንደ ዴስክቶፕ ድርግም ይላል። አፕዴት እየተነቀለ ወይም ዲስክ እየተጠገነ መብራት ከሄደ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ዩፒኤስ ካለ ይሰኩበት፤ ከሌለ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ይምረጡ።
2. ሁለት ፍላሽ። አንዱ ባዶ ሆኖ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ፣ የዊንዶውስ መጫኛ የሚሆን። ሌላው ፋይልዎን የሚያወጡበት፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ካለ የተሻለ ነው። ሁለቱን አያምታቱ፤ የመጫኛው ፍላሽ ሲዘጋጅ ውስጡ ያለው ሁሉ ይሰረዛል።
3. በገመድ የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ። ብሉቱዝ ጥገናው በሚካሄድበት ገጽ ላይ አይሠራም።
4. ስልክ። የሚያዩትን የስህተት ኮድ ሁሉ ፎቶ ያንሱ።
5. የቢትሎከር ቁልፍ። ቢትሎከር ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ አሠራር ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ለብቻው እንየው።

የቢትሎከር ቁልፍ

ከአፕዴት በኋላ ኮምፒውተሩ በሰማያዊ ስክሪን ላይ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ቫይረስ አይደለም። ዲስኩ የተቆለፈ ነው፤ አፕዴቱ በአነሳሱ ላይ ለውጥ ስላመጣ ኮምፒውተሩ ባለቤቱ መሆንዎን እያረጋገጠ ነው። «እኔ ቢትሎከር ከፍቼ አላውቅም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ከሚባለው እትም ጀምሮ እንደ አዲስ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት፣ በሆም እትም ላይ ሳይቀር ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል።

ቁልፉን ለማግኘት በስልክዎ ብራውዘር ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ይግቡ፣ «ዲቫይስስ» የሚለውን ይክፈቱ፣ ከኮምፒውተሩ ስም ሥር የቢትሎከር ሪከቨሪ ቁልፎችን ይፈልጉ። ብዙ ቁልፍ ከመጣ ስክሪኑ ላይ ያለውን «ኪ አይዲ» የመጀመሪያ 8 ፊደላትና ቁጥሮች በአካውንቱ ውስጥ ካሉት ጋር ያመሳክሩ፤ የሚገጥመው የእርስዎ ነው። የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ቁልፉ ያለው አይቲ ክፍል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው የሻጩን አካውንት ሳይቀይሩ ሲጠቀሙበት ከነበረ ቁልፉ ሻጩ ዘንድ ነው፤ ዛሬውኑ ይደውሉለት። ያለ ቁልፉ ፋይሉን የሚያወጣ ባለሙያ የለም። «እከፍተዋለሁ» የሚል ሰው የሚያደርገው ዲስኩን መሰረዝ ነው።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ቆሟል?

ፐርሰንቱ አንድ ቁጥር ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም። የሃርድ ዲስኩን ትንሽ መብራት ይመልከቱ፤ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ጆሮዎን ቢያስጠጉ የአሮጌ ሃርድ ዲስክ ድምፅም ይሰማል። ኤስኤስዲ ላለው ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ሃርድ ዲስክ ላለው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይጠብቁ።

«አንዱዊንግ ቼንጅስ» የሚል ጽሑፍ ካዩ እጅዎን ያንሱ። ኮምፒውተሩ አፕዴቱን ራሱ እየመለሰው ነው፤ እዚህ ላይ ማጥፋት ሊድን የነበረውን ማበላሸት ነው። መብራት ሄዶ በመሃል ከተቋረጠም መልሰው ያብሩትና የጀመረውን እንዲጨርስ ይተዉት። ስለ ፈርምዌር ወይም ስለ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) የሚናገር ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ በምንም ምክንያት አያጥፉ። ባዮስ ሲጻፍ የተቋረጠ ማዘርቦርድ በዚህ መመሪያ አይመለስም።

ጊዜው አልፎ ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ፦

1. የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ተጭነው ያጥፉት።
2. ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድ፣ ፕሪንተር፣ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ሁሉንም ይንቀሉ። ተሰክቶ የተረሳ አንድ ፍላሽ ብቻውን ኮምፒውተር እንዳይነሳ ያደርጋል።
3. ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። ማብሪያውን 30 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ።
4. ቻርጀሩን ብቻ ሰክተው ያብሩት።

ደረጃ 2፦ የት ላይ እንደቆመ ይለዩ

የአምራቹ አርማ እንኳ ካልመጣ ችግሩ የዊንዶውስ አይደለም። ራሙን አውጥተው መልሰው ይሰኩት፤ ካልሆነ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።

ጥቁር ስክሪን ላይ የማውስ ቀስት ብቻ ካለ ዊንዶውስ ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው። መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢን በአንድ ላይ ይጫኑ፤ ይህ የስክሪን ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) እንደገና ያስነሳዋል። ካልሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ፣ «ራን ኒው ታስክ» የሚለውን ይምረጡና ኤክስፕሎረር ብለው በእንግሊዝኛ ጽፈው ኢንተር ይምቱ። ዴስክቶፑ ከመጣ አፕዴቱን ከሴቲንግስ ውስጥ መንቀል ይችላሉ።

ፓስወርድ አልቀበል ካለ ደግሞ ከመደናገጥዎ በፊት በስተቀኝ ከታች ያለውን የቋንቋ ምልክት ይዩ። አማርኛ ኪቦርድ የጫነ ኮምፒውተር ከአፕዴት በኋላ መግቢያው ላይ አማርኛ ይዞ ሊነሳ ይችላል። የተጻፈው ፓስወርድ በነጥብ ስለሚሸፈን ፊደሉ ግዕዝ መሆኑ አይታይም። ዊንዶውስ እና ስፔስ ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት፤ ከዚያም የዓይን ምልክቷን ተጭነው የሚጽፉትን እያዩ ያስገቡ።

ሰማያዊ (በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች ጥቁር) ስክሪን ከኮድ ጋር ከመጣ፣ ወይም አርማው ላይ ነጥቦቹ ሲሽከረከሩ ከቀሩ፣ ወይም ደጋግሞ ራሱን ሪስታርት የሚያደርግ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ይለፉ።

አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። ኮር 2 ዱኦ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር በአቋራጭ ወደ ዊንዶውስ 11 24ኤች2 አሳድገው ከሆነ ምንም ጥገና አያነሳውም። ያ እትም እነዚያ ፕሮሰሰሮች የሌላቸውን የትዕዛዝ ስብስብ ይፈልጋል። መፍትሔው በደረጃ 5 ወደ ቀድሞው እትም መመለስ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ወደ ሪከቨሪ (የዊንዶውስ መጠገኛ ገጽ) መግባት

1. ያብሩት። አርማው መጥቶ ነጥቦቹ መሽከርከር ሲጀምሩ ማብሪያውን እስኪጠፋ ተጭነው ይያዙ።
2. ይህንኑ አንዴ ይድገሙ።
3. በሦስተኛው ያብሩትና አይንኩት። «አውቶማቲክ ሪፔር» እያለ ይነሳል። ራሱ ካላዳነው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ይመጣል፤ እሱን ይጫኑ፣ ከዚያ «ትራብልሹት»፣ ከዚያ እንደገና «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»።

መግቢያው ገጽ ድረስ የሚደርስ ኮምፒውተር ከሆነ ማብራት ማጥፋቱ አያስፈልግም። ሺፍትን እንደያዙ ከማጥፊያ ምልክቱ ውስጥ «ሪስታርት» ይበሉት።

ሪከቨሪው ካልመጣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የማይክሮሶፍትን «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» አውርደው ባዶውን ፍላሽ ያዘጋጁ። ፍላሹን ሰክተው ኮምፒውተሩን ሲያበሩ የቡት ሜኑ ቁልፉን ደጋግመው ይምቱ፤ በዴልና በብዙ ሌኖቮዎች ኤፍ12፣ በኤችፒ ኢስኬፕ ቀጥሎ ኤፍ9 ነው። ከፍላሹ ሲነሳ «ኢንስቶል» ሳይሆን «ሪፔር» የሚለውን ይምረጡ።

ሪከቨሪው መጥቶ ኪቦርድና ማውስ ከደረቁስ? እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የወጣው የዊንዶውስ 11 አፕዴት፣ ኬቢ5066835፣ በዩኤስቢ የሚሰኩ ኪቦርድና ማውሶችን ሪከቨሪ ውስጥ ብቻ እንዳይሠሩ አድርጎ ነበር። ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 20 ባወጣው ኬቢ5070773 አስተካክሎታል። ያ ማስተካከያ ያልደረሰው ኮምፒውተር በእጅዎ ካለ ከመጫኛው ፍላሽ ይነሱ። ፍላሹ የራሱን ሪከቨሪ ስለሚጠቀም ኪቦርዱ ይመለሳል።

ደረጃ 4፦ ምንም ከመንካትዎ በፊት ፋይሉን ያውጡ

ዊንዶውስ ባይነሳም ፋይል ማውጣት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኖትፓድ ብቻ ነው።

1. «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኮማንድ ፕሮምፕት»ን ይክፈቱ። የአካውንት ፓስወርድ ወይም የቢትሎከር ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል።
2. ፋይል የሚያወጡበትን ፍላሽ ይሰኩ።
3. ኖትፓድ ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ኢንተር ይምቱ።
4. «ፋይል» ከዚያ «ኦፕን» ይበሉ። ከታች ያለውን «ቴክስት ዶክዩመንትስ» ወደ «ኦል ፋይልስ» ይቀይሩ፤ ይህን ካላደረጉ ፎልደሮቹ ባዶ ይመስላሉ።
5. በግራ በኩል «ዚስ ፒሲ»ን ይጫኑ። «ዩዘርስ» የሚል ፎልደር ያለበትን ዲስክ ይፈልጉ። እዚህ ላይ ሲ ሆኖ ላይገኝ ይችላል፤ ዲ ወይም ኢ ከሆነ ፊደሉን ወረቀት ላይ ይጻፉት፣ በደረጃ 5 ያስፈልግዎታል።
6. የስምዎን ፎልደር ከፍተው «ዴስክቶፕ»፣ «ዶክዩመንትስ»፣ «ፒክቸርስ» እና «ዳውንሎድስ»ን አንድ በአንድ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኮፒ» ይበሉ፣ ወደ ፍላሹ ሄደው «ፔስት» ያድርጉ።

ሲገለብጥ የሂደት ማሳያ ላይመጣ፣ መስኮቱም የደረቀ ሊመስል ይችላል። አይዝጉት። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ሳይሆን ፎልደር በፎልደር ይገልብጡ፤ ሲጨርስ የፍላሹን ፎልደር ከፍተው ፋይሎቹ መግባታቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

የሚረሱ ነገሮች አሉ። ከቴሌግራም የወረደው ሁሉ ያለው «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ነው። ፒችትሪ የሚሠሩ ከሆነ የድርጅቱ ሂሳብ ከ«ዩዘርስ» ውጪ ሊሆን ይችላል፤ «ፒችትሪ» ወይም «ሴጅ» የሚል ፎልደር ፈልገው ሙሉውን ይገልብጡ። ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አልገባ ካለ ፍላሹ ፋት32 ነው፤ ሌላ ፍላሽ ይጠቀሙ።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ከወሰደበት ዋናውን ፋይል ብቻ ቶሎ አውጥተው ያቁሙ። የታመመ ዲስክ ላይ ጥገና ማስኬድ ይገድለዋል።

ደረጃ 5፦ አፕዴቱን መንቀል

አብዛኛው ኮምፒውተር የሚነሳው በዚህ ደረጃ ነው። ወደ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ተመልሰው «አንኢንስቶል አፕዴትስ»ን ይጫኑ። ሁለት ምርጫ ይመጣል።

«ኳሊቲ አፕዴት» በየወሩ የሚመጣው ነው፤ ማይክሮሶፍት የሚለቀው በፈረንጆች ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ኮምፒውተሩ በተለመደ ቀን፣ እትሙ ሳይቀየር ከቆመ ይህን ይምረጡ። «ፊቸር አፕዴት» ደግሞ እትሙን የሚቀይረው ነው፤ ከ10 ወደ 11 ወይም ከ23ኤች2 ወደ 24ኤች2 ካለፉ በኋላ ከቆመ ይህኛውን ይምረጡ። ይህ የሚሠራው በተጫነ በ10 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ የቀድሞውን እትም የያዘውን ፎልደር ራሱ ይሰርዘዋል። ስለዚህ «ቅዳሜ አየዋለሁ» ብለው አያቆዩት።

ከመረጡ በኋላ ይጠብቁ። ፋይልም ፕሮግራምም አይነካም፤ ፊቸር አፕዴት ሲነቀል ግን ከአፕዴቱ በኋላ የጫኗቸው ፕሮግራሞች ይጠፋሉ።

መንቀል አልቻልኩም የሚል መልእክት ከመጣ አፕዴቱ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰንቅሯል ማለት ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍተው ይህን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፦ ዲአይኤስኤም፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ኢሜጅ፣ ሁለት ነጥብ፣ የዲስኩ ፊደል፣ ሁለት ነጥብ፣ ባክስላሽ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ክሊንአፕ፣ ሰረዝ፣ ኢሜጅ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ሪቨርትፔንዲንግአክሽንስ። የመጨረሻው ቃል ሦስቱ ቃላት ሳይለያዩ የሚጻፍ ነው። የዲስኩ ፊደል በደረጃ 4 ወረቀት ላይ የጻፉት ነው፤ ሰው ዝም ብሎ ሲ ስለሚጽፍ ነው ትዕዛዙ የሚከሽፈው። ሲያልቅ ሪስታርት ያድርጉ። የመጀመሪያው አነሳስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ደረጃ 6፦ ሴፍ ሞድ

ሴፍ ሞድ ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ ነው። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ከዚያ «ሪስታርት» ይበሉ። ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን ይጫኑ፤ ኢንተርኔት ከፈለጉ 5። በሴፍ ሞድ ከተነሳ ጥፋተኛው ድራይቨር ወይም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ነው።

ስታርት ምልክቱን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ይክፈቱ። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» ሥር ያለውን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው፣ «ድራይቨር» በሚለው ገጽ «ሮል ባክ ድራይቨር»ን ይጫኑ። ቃሉ ደብዝዞ አልጫን ካለ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ያድርጉ፤ ዊንዶውስ በራሱ መሠረታዊ ድራይቨር ይነሳል። ከሌላ ድርጅት የተጫነ አንቲቫይረስ ካለም ያጥፉት ወይም ይንቀሉት። ከዚያ በመደበኛው መንገድ ሪስታርት ያድርጉ።

ደረጃ 7፦ ኮዱ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ከሆነ

ዊንዶውስ ዲስኩን አላየውም ማለት ነው። አፕዴቱ ባዮስንም ጨምሮ ከነበረ የዲስኩ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ፣ ወይም በተቃራኒው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሲያበሩ ኤፍ2 ወይም ዲሊት፣ በኤችፒ ኤፍ10 እየመቱ ባዮስ ይግቡ፤ «ሳታ ሞድ» ወይም «ቪኤምዲ» የሚለውን ይፈልጉ፣ ያለበትን ፎቶ ያንሱ፣ ወደ ሌላው ቀይረው ይሞክሩ። ካልተነሳ ወደነበረበት ይመልሱት። ባዮስ ውስጥ ሌላ ነገር አይንኩ።

ኮዱ ሌላ ከሆነ «ስታርትአፕ ሪፔር»ን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ያስኬዱ። ሦስተኛው ለውጥ አያመጣም። ከዚያ «ሲስተም ሪስቶር»ን ከፍተው ከአፕዴቱ በፊት ያለ ቀን ካለ ይምረጡ።

ደረጃ 8፦ ሌላው ሁሉ ካልሆነ፣ ሪሴት

«ትራብልሹት» ውስጥ «ሪሴት ዚስ ፒሲ»ን ይጫኑና «ኪፕ ማይ ፋይልስ»ን ይምረጡ። «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ከጎኑ ስላለ ሁለት ጊዜ አንብበው ይጫኑ። የግል ፋይል ይቀራል፤ የጫኗቸው ፕሮግራሞች ግን ሁሉም ይጠፋሉ። ፒችትሪ፣ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የፕሪንተር ድራይቨር፣ መልሰው የሚጭኑበት እንዳለዎት አስቀድመው ያረጋግጡ።

ቀጥሎ «ክላውድ ዳውንሎድ» ወይም «ሎካል ሪኢንስቶል» ይላል። ክላውዱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ይበላል፤ በሞባይል ፓኬጅ የሚጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ሎካሉን ይሞክሩ። ሎካሉ በመሃል ከከሸፈ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የዊንዶውስ ፋይል ራሱ ተበላሽቷልና ወደ ክላውዱ ይሂዱ።

ደረጃ 9፦ ከተነሳ በኋላ

1. ሌላ ነገር ከመክፈትዎ በፊት «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» ገብተው «ፖዝ አፕዴትስ» ያድርጉ። እስከ 5 ሳምንት ማቆም ይቻላል። ይህን ካልፈጸሙ ያንኑ አፕዴት መልሶ ሊያወርደው ይችላል።
2. «አፕዴት ሂስትሪ»ን ከፍተው የከሸፈውን አፕዴት በኬቢ የሚጀምር ቁጥር ይጻፉ። አፕዴቱን ከመቀጠልዎ በፊት በዚያ ቁጥር ማይክሮሶፍት ማስተካከያ ማውጣቱን ይፈትሹ።
3. ሲ ድራይቭ ላይ ቢያንስ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያስቀሩ። ሞልቶ ቀይ የሆነ ሲ ድራይቭ አፕዴት በመሃል እንዲሰነቀር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው።
4. የላፕቶፑን አምራች የራሱን ድራይቨሮች፣ በተለይ የስክሪንና የዲስክ መቆጣጠሪያውን፣ ከአምራቹ ገጽ ላይ አውርደው ይጫኑ።
5. የቢትሎከር ቁልፉን አሁኑኑ በወረቀት ያትሙ ወይም በእጅ ይገልብጡ። ፎቶውን እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልግዎት ላፕቶፑ ሲቆለፍ ነው።
6. 5ቱ ሳምንት ሳያልቅ ፋይልዎ በሌላ ዲስክ ላይ መኖሩን አረጋግጠው፣ ቻርጀሩን ሰክተው፣ መብራት ባለበት ሰዓት አፕዴቱን ራስዎ ያስጀምሩት። በአፕዴቱ ዝርዝር ውስጥ ባዮስ ወይም ፈርምዌር የሚል ካለ፣ ከመጫንዎ በፊት ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ቢትሎከርን «ሰስፔንድ» ያድርጉት፤ ይህ ምርጫ በሆም እትም ላይ አይገኝም። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሲገባ «ሪዝዩም» የሚለውን ይጫኑ።